የራሊጻ አመድ

በመንደራችን በጎርና ሊፓ ሰው ሲያገኘኝ ከፊቴ ቀድሞ የሚያየው ልብሴን ነው። የምሠራው ዘይት መጭመቂያው ቤት፣ ቦይለሩ ላይ ነው። ሱፉ ሲፈለፈል ቅርፊቱ ለብቻ ይወጣል፤ ቅርፊቱ ይነድዳል፤ በእሳቱ ዘሩ ይሞቅና ዘይት ይጨመቃል። ዘይቱ ለባለቤቱ፣ አመዱ ለእኔ። እንደ ዱቄት የላመ፣ ጠቆር ያለ አመድ ነው። በጋሪ እየሞላሁ ከግቢው ጀርባ እደፋዋለሁ፣ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ እሱ ራሱ መንገዱን ያውቃል፤ ቀጥ ብሎ ወደ መንደሩ። ሴቶቹ ያሰጡት ልብስ ሲጠቁር የሚረግሙት ነፋሱን አይደለም፣ እኔን ነው። «ትሪፎን፣ ዛሬ አመድ ታወጣለህ ወይስ ልብስ እንጠብ?» እያሉ በጠዋት በር ላይ የሚጠብቁኝ ነበሩ። የመጭመቂያው ባለቤት ቦያን ክምሩ አጥሩን ሊያልፍ ሲደርስ መኪና አምጥቶ ወደ ሲሊስትራ ከተማ ያስጭነውና ያስቀብረዋል። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ።

ባለቤቴ ራሊጻ የዚህ አገር ሰው አይደለችም። ያመጣኋት ከሮዶፒ ተራሮች ነው። እዚያ ሰው የሚኖረው በድንች ነው። እናቷ ብርዱ እስኪያልፍ የምድጃውን አመድ በቆርቆሮ በርሜል ታጠራቅምና፣ በረዶው ሲቀልጥ ድንች የሚተከልበት መሬት ላይ ትበትነው ነበር። ራሊጻ እዚህ የመዋዕለ ሕፃናቱ ወጥ ሠሪ ናት፤ የማድቤቱ መስኮት ደግሞ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የኔን የአመድ ክምር ነው። ለልጆቹ ሾርባ እያማሰለች ስንት ዘመን ዝም ብላ ስታየው ኖራ፣ አንድ የጥር ቀን ደጃፍ ላይ ኮቴን ሳራግፍ ያዘችኝ።

«ይሄ እኮ ማዳበሪያ ነው» አለች።

«አመድ ነው» አልኳት።

«እናቴ በበርሜል የምታጠራቅመውን እናንተ በመኪና ትቀብራላችሁ።»

«የእናትሽ የምድጃ ነው። ይሄ የፋብሪካ ነው።»

«እሳት እሳት ነው፣ ትሪፎን። ሱፉ ከመሬት የወሰደውን ለመሬት መመለስ ምኑ ይከብዳል?»

ኮቴን ማራገፌን ቀጠልኩ። ራሊጻ አንድ ነገር ከያዘች ግን አትለቅም። አመዱን በማርማላታ ጠርሙስ ሞልታ፣ በአውቶብስ ሲሊስትራ ድረስ ወስዳ፣ ስቬትላ ለምትባል የእርሻ ባለሙያ ሰጠቻት። መልሱ ሲመጣ ደስታዋን ልነግራችሁ አልችልም። አመዱ ፖታሲየም ሞልቶታል፤ ሰው በውድ የሚገዛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ራሱ ነገር። ራሊጻ የዚያን ቀን የአይብ ቂጣ፣ ባኒጻ ጋገረች፤ አይቡን ሳትሰስት።

አሁን የቀረው አባቴ ነበር። መሬቱ የእሱ ነው። አባቴ ዶብሪ በኅብረት እርሻው ዘመን የትራክተር ሹፌር ሆኖ ነው ያረጀው፤ ስለ መሬት ከሱ ሌላ ሰው ሲናገር መስማት አይወድም። ራሊጻን ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ «ሙሽሪት» ነው የሚላት፤ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ሲልም አልተወም።

«ሙሽሪት፣ አመድ ለምን እንደሚሆን ልንገርሽ» አላት ማዕድ ላይ፣ ባቄላውን በዳቦ እየጠረገ። «ድስት ይፈገፈግበታል። ዶሮ ይንከባለልበትና ቅማሉ ይራገፍለታል። በቆሎ ግን አይበላውም።»

«አባባ፣ ምርመራው እኮ…»

«የመረመረችው ልጅ በቆሎ ዘርታ ታውቃለች?»

«ግብርና ነው የተማረችው።»

«እኔ ደግሞ ግብርና ነው ያረጀሁበት።»

«እርስዎ ሱፍ ዘርተው የሚሸጡለት መጭመቂያ እኮ ነው። የራስዎ መሬት ነው ተቃጥሎ ከትሪፎን ኮት ላይ የሚራገፈው።»

ይቺ ንግግር ትንሽ ነካችው። ማኘኩን አቆመ። ግን እሺ አላለም። የካቲትን በሙሉ እሷ ስትል እሱ ሲመልስ፣ እኔ መሐል ላይ ሆኜ ሾርባዬ ሲቀዘቅዝ አለፈ። መጨረሻ ላይ አንድ እሑድ አባቴ ባርኔጣውን አድርጎ ተነሣና፣ «በቃ፣ የመንገድ ዳሩን እርሻ ውሰጂ» አላት።

እኔ ደነገጥኩ። የመንገድ ዳሩ እርሻ ከሁሉ የተሻለው መሬታችን ነው፤ ጥቁር፣ ጥልቅ፣ ድንጋይ የማይገኝበት።

«ለምን እሱን?» አልኩት።

«መንደሩ ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። ከለማም ይዩት፣ ከጠፋም ይዩት።»

ራሊጻ ተንኮሉ አልታያት ወይም አይታ ናቀችው። ተነሥታ ጉንጩን ሳመችው።

ቦያን አመዱን የሚወስድለት ሰው በማግኘቱ ተደስቶ በራሱ መኪና እየጫነ በረታችን አጠገብ አስወረደልን፤ ከሚያስፈልገን እጅግ የበለጠ። ከዚያ በመጋቢት መጀመሪያ፣ ፀሐይ የወጣበት ቀን መርጠን፣ አባቴ ማዳበሪያ የሚበትንበትን ማሽን ከትራክተሩ ኋላ ቀጥለን ወጣን። ፀሐዩን እንጂ ነፋሱን አላሰብንም። ማሽኑ መዞር ሲጀምር አመዱ ወደ መሬት መውረዱን ትቶ ወደ ላይ ተነሣ። እንደ ጉም ቆመ፤ ትንሽ አሰበና መንገዱን ተሻግሮ የዠልዮ ግቢ ገባ።

ዠልዮ ጎረቤታችን ነው። ጥቂት ላሞች አሉት፤ ከላሞቹ የበለጠ ድምፅ አለው። ሱቁ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የማይፈርድበት ሰው የለም። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ወይን እየገረዘ ነበር። መንገዱን ተሻግሮ ሲመጣ ጢሙም ቅንድቡም ባርኔጣውም አንድ ቀለም ሆኗል፤ ዓይኑ ብቻ ነው የቀረው።

«ትሪፎን፣ በቁሜ ቀብራችሁ ልትወርሱኝ ነው?»

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ራሊጻ ሳቀች። አስባ አይደለም፤ አመለጣት። ብዙ ሳቀች፣ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ነገሩን ያበላሸው አመዱ ሳይሆን ያ ሳቅ ነው ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ። ዠልዮ አንድም ቃል ሳይጨምር ተመለሰ፤ ዠልዮ ዝም ሲል ደግ አይደለም።

«ቦንኖ ያስቸገረው ስለደረቀ ነው» አለች ራሊጻ። «እናርጥበው።» በጎማ ውኃ እየለቀቅን አራስነው፤ ማሽኑ ላይ ጫንነው፤ እርሻው ጋ ስንደርስ የትራክተሩ ሞተር ጠፋ። ናፍጣም አለው፣ ባትሪም አለው፣ አልነሣም አለ። እሱን ስንነካካ መሸ። ማሽኑን እንደ ተጫነ ትተነው ገባን። በማግስቱ ስንመጣ አመዱ ድንጋይ ሆኗል። እርጥብ አመድ አድሮ እንደ ሲሚንቶ እንደሚይዝ ማን ነገረን? መበተኛው ሰሐን፣ ሰንሰለቱ፣ ጥርሱ ሁሉ አንድ ላይ ረግቶ ቀርቷል።

መሮና መዶሻ ይዤ ስቀጠቅጥ ዋልኩ። አባቴ በርጩማ አምጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ሱፍ እየቆረጠመ አየኝ። ማሽኑ እንደ ልጁ ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት ገዝቶት በየዓመቱ ቀለም የሚቀባው። ልቡ እየደማ እንደሆነ አውቃለሁ። የተናገረው ግን ይቺን ብቻ ነው፦

«በዚሁ የዶሮ ቤቱን ወለል ብትሠሩልኝ ይሻላል።»

ራሊጻ ከጎኔ ሆና በባዶ እጇ የተሰበረውን ትለቅም ነበር። እርጥብ አመድ እጅ ይበላል፤ ማታ ጣቶቿ ሁሉ ተሰነጣጥቀው ቅባት ስትቀባ አየኋት። «ተይው በቃ» አልኳት። «አሁንማ አልተውም» አለች። የሷ አመል ይኼ ነው፤ ቀላል ቢሆን ኖሮ ትተወው ነበር።

በመጨረሻ ማሽኑን ትተን፣ ነፋስ በሌለበት፣ ካፊያ በሚያርፍበት ጠዋት በአካፋ በተንነው። እኔ ከተጎታቹ ላይ፣ እሷ ከታች በመንሽ እያዳረሰች። ወገባችን ተቆረጠ። ግን በደንብ ተበተነ፤ እውነት እላችኋለሁ፣ ከዚያ የተስተካከለ አመድ አልተበተነም። አባቴ መጥቶ ጫፍ ላይ ቆሞ አየና «ሥራው ሥራ ነው» ብሎ ሄደ። በሱ አፍ ይኼ ምርቃት ነው።

በቆሎው ሲወጣ አምሮ ወጣ። ራሊጻ ከሥራ ስትመለስ መንገድ ቀይራ በዚያ በኩል ትመጣ ጀመር። ጉልበት ሲደርስ ግን ቅጠሉ ላይ ከመሐል አጥንቱ ግራና ቀኝ የነጣ ጭረት ታየ። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ከዚያ የውኃ ጥም ነው አልን። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የጎረቤት በቆሎ አንድ ብርድና አንድ ዝናብ ተጋርቶ እንደ ጫካ ሲጠቁር፣ የኛ ግን በሰኔ አጋማሽ ከሩቅ የታመመ ሰው ፊት ይመስል ነበር። መንደሩ ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ አባቴ እንዳለው ሆነ። ሁሉም አየው።

ራሊጻ ስቬትላን ለምና አስመጣቻት። ስቬትላ ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። እርሻው ውስጥ ገብታ ቅጠል አየች፣ በአካፋ ጉድጓድ ቆፈረች፤ ከሥር ነጣ ያለ አፈር ሲወጣ ከትንሽ ጠርሙስ ጠብ አደረገችበት። አፈሩ እንደ ሶዳ ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«ራሊጻ» አለች፣ «አመዱን አመጣሽልኝ። አፈሩንስ?»

ራሊጻ አጎንብሳ ጉድጓዱን አየች።

«ከሥሩ ኖራ ነው። መሬቱ ሲፈጥረው ኖራ ጠግቧል። አመድሽ ደግሞ ራሱ እንደ ኖራ ነው የሚሠራው። በላይ በላዩ ስትጨምሪበት በቆሎው የሚፈልገውን ዚንክ አፈሩ ቆልፎ ያዘበት። እናትሽ አገር መሬቱ ኮምጣጣ ነው፤ እዚያ አመድ መድኃኒት ነው። እዚህ ለጠገበ ሰው ማጉረስ ነው።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ፖታሲየም?»

«አለ። አልዋሸሁሽም። እንዲህ ያለውን የሚፈልገው ኮምጣጣ መሬት ነው፤ ላይ፣ ከኦክ ጫካው ሥር ያለው ዓይነት።»

ስቬትላን አውቶብስ አሳፍረን ስንመለስ ራሊጻ ከፊቴ ቀድማ ሄደች። ቤት ገብታ የታጠበ ድስት እንደገና አጠበች። አባቴ ሁሉንም ሰምቷል፤ ግን «ብዬ ነበር» አላለም። እራት ላይ አይብ ቆርሶ ሳህኗ ላይ አደረገላት። እሱ ሲብስባት አየሁ። ኋላ ለብቻችን ስንሆን፣ «ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አይብ ሲሰጠኝ ግን…» አለችና ተወችው።

ሱቁ ደጃፍ «አመዲቱ» የሚል ስም ወጣላት። ያወጣው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። ራሊጻ ግን የስቬትላ የመጨረሻ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። ከኦክ ጫካው ሥር እኛ መሬት የለንም። ያለው ዠልዮ ነው። እዚያ ላይ ለላሞቹ አልፋልፋ ይዘራል፤ በየዓመቱ ይዘራል፣ በየዓመቱ የሚያጭደው ግን ሲያኝኩት የሚጎመዝዝ ቀይ አረም ነው። ራሊጻ በነሐሴ አንድ ቅዳሜ፣ ሰው ባለበት፣ እኔን አስከትላ ሱቁ ደጃፍ ሄደች።

«ጋሽ ዠልዮ፣ አልፋልፋዎ የማይይዘው መሬቱ ኮምጣጣ ስለሆነ ነው። አንዲት ጥግ ይስጡኝና አመዱን ልሞክርበት። ሥራው በኔ ነው።»

ዠልዮ ቢራውን አስቀመጠ። ሰው እስኪሰበሰብ ጠበቀ።

«ምራት፣ በቆሎሽን አይቼዋለሁ። ላሞቼ ምን አደረጉሽ?»

አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ።

«የኔ ስሕተት ቦታው ነው» አለች። «አመዱ አይደለም።»

«አዎ፣ ቦታው ነው። ቦታው ማድቤት ነው። አመድ እዚያ ነው የሚቀመጠው።»

እኔ እጄን ጨብጬ ተነሣሁ፤ እሷ በክንዴ ይዛ ጎተተችኝ። መንገድ ላይ፣ «አመድ በዱቄት ይስቃል ይባላል» አለች፣ «እኔ ደግሞ ዱቄትም አልሆንኩ፤ አመድ ነው በአመድ የሳቀው።»

መስከረም ሲገባ ዠልዮ ራሱ ደጃችን መጣ። ባርኔጣውን አውልቋል።

«ትሪፎን፣ ያ ከበረታችሁ አጠገብ ያለው ቆሻሻ እስካሁን አልተነሣም?»

«የት ልውሰደው?» አልኩት። እውነትም መላ አጥቼ ነበር።

«ላይ፣ ከአልፋልፋው ጀርባ ገደል አለኝ። ጎርፍ እየሰፋብኝ ነው። ልሙላበትና ልገላግልህ። ጎረቤት አይደለን?»

አመሰገንኩት። አመስግኜም አልቀረሁ፤ አብሬው ጫንኩ፣ ሲጨርስ አንድ ጠርሙስ ራኪያ አረቄ ሰጠሁት። ራሊጻም ክምሩ ከዓይኗ በመራቁ የተገላገለች መሰለች። «ደግ ሥራ ሠራ» አለች፣ ትንሽ ግር እያላት። ያን የሱቅ ደጃፍ ንግግር የጸጸተው መስሏት ነበር። ለኔም መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ግንቦት የሊንደን ዛፍ ሊያብብ ሲል፣ እሑድ ዕለት ጫካው ውስጥ እንጉዳይ ልንለቅም ወጣን። መንገዱ በዠልዮ መሬት ሥር ያልፋል። ራሊጻ ቀድማኝ ነበር፤ ድንገት ቆመችና ጀርባዋን ገጨሁት። አልፋልፋው ጉልበት አልፏል። ሰማያዊ የሚመስል አረንጓዴ፣ እጅ የማያስገባ፣ ንቡ ሲያጉረመርምበት ከመንገድ የሚሰማ። ያን ቀይ አረም ፈልጌ አጣሁት። ራሊጻ ቅርጫቷን አስቀምጣ ተንበረከከች፤ ግንዶቹን ገለጥ አድርጋ አፈር ቆነጠረችና በመዳፏ አሸት አሸት አደረገች። ጣቷ ጠቆረ። ከዚያ ተነሥታ ጥሻውን ጥሳ ጀርባውን አየች። ገደሉ አፉን ከፍቶ እንደ ድሮው ነው፤ አንድ አካፋ አመድ አልነካውም።

እንጉዳዩ ቀረ። በቀጥታ ወደ ዠልዮ ቤት ወረደች፤ እኔ ከኋላዋ።

ዠልዮ ግቢው ውስጥ ማጭድ ይስላል። ሚስቱ ቶንካ ደረጃው ላይ አተር ትፈለፍላለች።

«ጋሽ ዠልዮ፣ ገደሉ ሞላ?» አለችው።

«ኧረ ተይኝ፣ ጎርፍ ወሰደብኝ።»

«አልፋልፋውንም ጎርፍ ነው ያመጣው?»

ማጭዱን መሳል አላቆመም። «ዘሩ ነው። ዘንድሮ ጥሩ ዘር አገኘሁ።»

«አፈሩ ላይ አመዴን አይቻለሁ።»

«ከመጭመቂያው በነፋስ የመጣ ይሆናል። ባልሽን ጠይቂው፣ አመድ የሚያቦንነው እሱ ነው።»

«ዘርማ ነው» አለች ቶንካ ከደረጃው፣ አንገቷን ሳታነሣ። «ሱሪው ላይ በቅሎ ጥቅምትን ሙሉ ሳጥበው የነበረው ጥቁር ዘር።»

«አንቺ አተርሽን ፈልፍይ» አላት።

ራሊጻ ጠጋ አለችው። «አሁን መሬት አልጠየቅሁዎትም፣ ምንም አልጠየቅሁዎትም። አንድ ቃል ነው የምፈልገው። እዚያው ሱቅ ደጃፍ፣ እዚያው አግዳሚ ላይ፣ ‹ራሊጻ ያለችው ልክ ነበር› ይበሉ። በቃ።»

ዠልዮ ቀና ብሎ አያት። ለአፍታ የሚለው መሰለኝ፤ አፉ ተከፍቶም ነበር። ግን አንድ መንደር ሙሉ ያሳቀ ሰው በዚያው መንደር ፊት ቃሉን ማጠፍ ይከብደዋል። «ዘሩ ነው» አለና ማጭዱን ሳለ።

ወደ ቤት ስንሄድ ትሰድበዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ያለችው ሌላ ነው። «እኔን የገረመኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የኔን ቃል አምኖ ነው የበተነው። አምኖኛል እኮ። ከመንደሩ ሁሉ ያመነኝ እሱ ብቻ ነው።»

ነገር ግን አልፋልፋ አይደበቅም። ያን በጋ ዠልዮ ደጋግሞ አጨደ፤ ድርቆሹን ለመንደሩ ሸጠ፤ ጭራሽ አባቴ ለበጎቹ ገዝቶ አምጥቶ «ይሄን ሽታ አሽትቺ፣ ሙሽሪት» አላት። ላይኛው መሬት ያላቸው ሰዎች ዠልዮን ውስጥ ውስጡን ሲጎተጉቱት፣ ራኪያው ሞቅ ሲያደርገው አመዱን ተናገረ። የተናገረው ግን የራሱ ግኝት አድርጎ ነው። «አያቴ ያደርገው ነበር» አለ። አያቱ ፈረስ ነጋዴ እንደነበር አባቴ ያውቃል።

በመከር የመጭመቂያው በር ላይ ተጎታች ተሰለፈ። እኔ ቦይለሬ ጋ ሆኜ አያለሁ። ለአመድ ወረፋ። ቦያን ደግሞ ማጓጓዙን የሰጠው ለዠልዮ ነው፤ ሰዉም «የዠልዮ አመድ» ማለት ጀመረ። ስም ቶሎ ይለመዳል።

ራሊጻን ያሳበዳት ግን ስሙ አይደለም። የተሰለፉትን ስታይ ግማሾቹ የታችኛው መሬት ሰዎች ናቸው፤ የኛ ድንበርተኞች፣ ያው ጥቁር አፈር ያላቸው። ሽርጧን እንደታጠቀች ከማድቤቱ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ታች መሬት ያላችሁ ተመለሱ። የኔን በቆሎ ረሳችሁት?»

«ያንቺን አመድ አይደለም የምንወስደው» አላት አንዱ፣ «የዠልዮን ነው።»

«ያው አመድ ነው። ከዚያው ክምር ነው።»

«ታዲያ ለሱ ሠራ፣ ላንቺ እምቢ ያለው እጅሽ ነው እንግዲህ?»

ስለ ኖራው፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ስቬትላ ማስረዳት ጀመረች። ወረፋ ላይ ያለ ሰው አይሰማም። ዠልዮ ከመኪናው ላይ ሆኖ «አመድ የማይወድ መሬት የለም» አለ፤ ያም በቃቸው። ድምፅዋ እየሰለለ ሲሄድ አባቴን አየሁት። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከዘራውን ይዞ በወረፋው መሐል እየመጣ ነው። የአንድ ሽማግሌ ወዳጁን ተጎታች በከዘራው መታ መታ አደረገ።

«ፔንዮ፣ መሬትህ ከመንገድ ዳሩ እርሻዬ ጋር ይዋሰናል?»

«ይዋሰናል።»

«በቆሎዬን አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ? ሙሽሪት ተመለስ ስትልህ ተመለስ።»

ፔንዮ ትራክተሩን አዞረ። ከሱ ኋላ ሌሎች ጥቂቶች አዞሩ። የቀሩት ጫኑ። አባቴ ወደ ቤት ሲሄድ ራሊጻን ቀና ብሎ አላያትም፣ እሷም አላመሰገነችውም፤ ማመስገን ብትሞክር የሚሸሽ ሰው ነው።

የጫኑት ሰዎች በተኑት። በሚቀጥለው ሰኔ የታችኛው ሜዳ እዚህም እዚያም ነጣ፤ የአመድ መልክ ያወጣ በቆሎ። ላይኛው መሬት ደግሞ አልፋልፋው፣ ገብሱ አማረ። አንድ ጠዋት ራሊጻ ለልጆቹ ሾርባ ስትሠራ፣ ከተሰለፉት አንዱ የነበረው ኮይቾ መዋዕለ ሕፃናቱ መስኮት ሥር መጥቶ ቆመ። በእጁ የነጣ የበቆሎ ቅጠል ይዟል። እኔ የዚያን ቀን ማታ ተረኛ ስለነበርኩ ጠዋት እዚያው ማድቤት ነበርኩ፤ ጎመን እከትፍላታለሁ።

«ራሊጻ፣ አመድሽ በቆሎዬን ፈጀው» አላት።

ማማሰያዋን ይዛ ዞረች። «የማን አመድ?»

«ያንቺ ነዋ። ይህን ነገር መንደር ያስገባሽ አንቺ አይደለሽ?»

ላይ ሲለማ የዠልዮ፣ ታች ሲነጣ የራሊጻ። አመድ አፋሽ የሚባለው ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማማሰያው ሊወረወር ነው ብዬ ጎመኑን አስቀመጥኩ። ራሊጻ ግን ቅጠሉን ከእጁ ተቀበለችው፤ ወደ ብርሃን አዙራ ግራና ቀኙን አየችው።

«ዚንክ ነው» አለች። «በርጭት ይድናል፣ አሁን ከደረስክበት። ምን ያህል ነጥቷል?»

«ግማሹ።»

«ግማሹ ማለት ስንት ነው? ጥጉ ነው መሐሉ?»

ኮይቾ አያውቅም። ራሊጻ ማማሰያውን ለኔ ሰጠችኝ፣ ሽርጧን ፈታ መንጠቆው ላይ ሰቀለችው።

«እንሂድና ልየው» አለችው። ከዚያ በሩ ላይ ሆና ለኔ፣ «ሾርባው እንዳይዝብህ» ብላኝ ወጣች። በመስኮቱ ሳያቸው ኮይቾ ከኋላዋ ያዘግማል፤ እሷ ደግሞ ከፊት እየሄደች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ስለ ዠልዮ፣ ስለ ኮይቾ፣ ስለ መንደሩ ሁሉ በሮዶፒ አነጋገር ያለ ርኅራኄ እየተሳደበች ነበር። ድምፅዋ እስከ መንገድ ዳሩ እርሻ ድረስ ይሰማ ነበር።